«ማስታጠቢያ»፣ «መታጠቢያ» እና «ሰን»

ካህን በቅዳሴ ጊዜ እጁን የሚታጠብበት ዕቃ ስሙ ማን እንደሆነ ለተነሣው ጥያቄ «መታጠቢያም ማስታጠቢያም ብትለው ያው ነው» የሚለው መልስ አላረካኝም። ልብስ ወይም ዕቃ የሚታጠብበት ማጠቢያ ነው። ሰው ራሱ የሚታጠብበት መታጠቢያ ነው። አንዱ ውኃ እያፈሰሰለት ሌላው ሲታጠብ ግን ሥራው ማስታጠብ፣ ዕቃውም ማስታጠቢያ ይባላል። ይህ ቃል ያለ ሁለት ሰው አይቆምም።

በቅዳሴም የምናየው ይህንኑ ነው። ከጸሎተ ሃይማኖት፣ ማለትም እምነታችንን ከምንመሰክርበት ጸሎት በኋላ፣ ዲያቆኑ ያፈስሳል፣ ካህኑ ይታጠባል። እጁን ሳያደርቅ ውኃውን ወደ ሕዝቡ እያርከፈከፈ፣ እጁ ከውጭ እድፍ እንደ ነጻ እርሱም ሳይገባው ደፍሮ ወደ ቁርባን ከሚቀርብ ሰው ደም ንጹሕ መሆኑን ያስታውቃል። «ከደሙ ንጹሕ ነኝ» የሚለው የዘወትር አነጋገራችን በማቴዎስ 27፥24 ከተጻፈው ከጲላጦስ ቃል የመጣ ነው፤ በካህኑ አንደበት ሲነገር ግን መልኩ ፈጽሞ ይለወጣል። ጲላጦስ የታጠበው ከፍርዱ ለመሸሽ ነበር። ካህኑ ግን የሚታጠበው አደራውን ለመወጣት፣ ሕዝቡንም አስቀድሞ ለማስጠንቀቅ ነው።

የቃሉ ሥር ግእዝ ነው፤ «ኀፀበ» ማለት አጠበ ማለት ነው። የጉሮሮው ድምፅ በአማርኛ ጠፍቶ «አ» ሆነ፣ «ፀ» ደግሞ ወደ «ጠ» ዞረ፤ ፀጉር ጠጉር፣ ፆም ጦም እንደ ተባለ። ጥንታዊው መልክ ዛሬም በጸሎተ ሐሙስ ይሰማል፤ ካህናት በወይራና በወይን ቅጠል የምእመናንን እግር የሚያጥቡበት ሥርዓት ሕፅበተ እግር ይባላል።

ኩስኩስት ደግሞ ሌላ ነው። እርሱ ውኃው የሚንቆረቆርበት መቅጃ ነው እንጂ እጣቢውን የሚቀበለው ዝርግ ዕቃ፣ ማስታጠቢያው፣ አይደለም። ሁለቱ ዘወትር አብረው ስለሚቀርቡ ስማቸው መቀላቀሉ አይገርምም።

«ሰን»ን፣ ማለትም የውኃ መያዣ ዕቃን፣ አብዛኞቻችን የምናውቀው ከአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ነው። በዘጸአት 30፥18 ሙሴ ከናስ እንዲሠራ የታዘዘው «የመታጠቢያ ሰን» ነው፤ አሮንና ልጆቹ እጃቸውንና እግራቸውን ስለሚታጠቡበት ስሙ ልክ ነው። በሰሎሞን ቤተ መቅደስ ግን ነገሩ ይለያል። በዚያ 10 ሰኖች ነበሩ፣ 5 በቀኝ 5 በግራ። 2ኛ ዜና መዋዕል 4፥6ን አስተውላችሁ አንብቡት፤ በእነርሱ የሚታጠበው ለሚቃጠል መሥዋዕት የሚቀርበው ነገር ነው፣ ካህናቱ የሚታጠቡት «ኵሬ» በተባለው ትልቅ የናስ ገንዳ ነው። እንግዲህ እነዚያም «የመታጠቢያ ሰን» ቢባሉም፣ በሥራቸው ከሄድን 10ሩ ማጠቢያ፣ መታጠቢያው ግን ኵሬው ነው።