ጥቆማ፦ ለቱሉ ዲምቱ ቢሮ በአነስተኛ ዋጋ ኮምፒውተር፤ ዩዝድ ብራንድ ወይስ አዲስ የተገጣጠመ?

ጥያቄ፣ ከቱሉ ዲምቱ

ሰላም ወገኖች። ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ለምትከፈት አነስተኛ የሒሳብና የጽሕፈት ቢሮ አንድ ዴስክቶፕ ያስፈልገኛል። ሥራው ወርድ፣ ኤክሴል፣ ፒችትሪ (የሒሳብ ፕሮግራሙ)፣ ስካንና ፕሪንት፣ ከዚያ ብሮውዘር ላይ አሥር አሥራ አምስት ታብ ከፍቶ መዋል ነው። ጌምም ቪዲዮ ኤዲቲንግም የለም። አንዱ ሻጭ «ኮር አይ7፣ 16 ጂቢ ራም፣ 1 ቴራ» የሚል ዩዝድ አቅርቦልኛል። ሌላው አዲስ ኮር አይ3 ልገጣጥምልሽ ይላል፤ የሱ ዋጋ ከፍ ይላል። መብራት በቀን ሁለት ሦስቴ ይሄዳል። የቱን ትመክሩኛላችሁ? የትስ ልግዛ?

መልስ፣ ከገላን

እህቴ፣ «ኮር አይ7» የሚለው ስም ብቻውን ምንም አይነግርሽም። «ስንተኛ ጀነሬሽን ነው?» ብለሽ ጠይቂው። ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ይናገራል፦ አይ7-4790 ከሆነ አራተኛ፣ አይ5-8500 ከሆነ ስምንተኛ፣ አይ5-10400 ባለ አምስት አሃዝ ስለሆነ አሥረኛ ነው። ከስምንተኛ በታች አትግዢ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል፣ ከኢንቴልም በይፋ የሚቀበለው በጥቅሉ ከስምንተኛ ጀነሬሽን ወዲህ ያለውን ነው። በአራተኛው ላይ በጓሮ በር የሚጭኑልሽ አሉ። ዛሬ ይሠራል፣ የሚቀጥለው ትልቅ አፕዴት ግን እምቢ ሊል ይችላል። የሰው ሒሳብ የሚቀመጥበት ማሽን እንዲህ ባለ ነገር ላይ መቆም የለበትም።

«1 ቴራ» ያለውም ሃርድ ዲስክ ነው ወይስ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣኑ ማከማቻ)? ሃርድ ዲስክ በሰከንድ ከ100 እስከ 150 ሜጋባይት ያነብባል፣ ሳታ ኤስኤስዲ ወደ 550 ይደርሳል። ኮምፒውተሩን ተንቀራፋፊ የሚያደርገው ግን በዋናነት ይህ ቁጥር ሳይሆን፣ ሃርድ ዲስክ የተበታተኑ ትንንሽ ፋይሎችን ለመልቀም መርፌውን ወዲያ ወዲህ ማመላለሱ ነው። ለአንቺ ሥራ 256 ጂቢ ኤስኤስዲ ያለው ስምንተኛ ጀነሬሽን አይ3፣ ሃርድ ዲስክ ብቻ ካለው አሮጌ አይ7 በብዙ ይበልጣል። ራም 8 ጂቢ ያስጀምራል፣ ግን አሥራ አምስት ታብና ፒችትሪ አንድ ላይ ሲከፈቱ ይጠብበዋል። 16 አድርጊው፤ ባለ 8 ሁለት ቢሆን ደግሞ ይመረጣል፤ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ግራፊክስ የሚበደረው ከራሙ ስለሆነ በሁለት መስመር ሲያገኝ ይፈጥናል።

ሞዴል ልጥቀስልሽ፦ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 3060 ወይም 5060፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 ጂ4፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተር ኤም720። ሦስቱም በስምንተኛ ጀነሬሽን የመጡ ናቸው። አገልግሎት ሰጥተው ከውጭ ቢሮዎች የወጡ ስለሆኑ በየሱቁ ይገኛሉ።

ስትገዢ እዚያው ሱቅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ውሰጂ። መጀመሪያ ባዮስ ግቢ፣ የማሽኑ መሠረታዊ ማስተካከያ ገጽ ነው (ሲበራ የምትጫኚው፦ ዴል ኤፍ2፣ ኤችፒ ኤፍ10፣ ሌኖቮ ኤፍ1)፤ ፓስወርድ ከጠየቀ ትተሽው ውጪ። የድሮው መሥሪያ ቤት የቆለፈው ነው፣ በተለይ ኤችፒ ላይ ማስለቀቅ ከባድ ነው። ቀጥሎ ታስክ ማናጀር ላይ ራሙ ስንት ማስገቢያ እንደያዘ እዪ። ከዚያ ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባለውን የዲስክ መመርመሪያ ፕሮግራም በፍላሽ ይዘሽ ሂጂና የዲስኩን ጤና በመቶኛ፣ የበራበትን ሰዓትም ተመልከቺ። በቀን ስምንት ሰዓት፣ በዓመት 250 ቀን የሠራ ማሽን በዓመት 2,000 ሰዓት ይቆጥራል፤ የአምስት ዓመት ኮምፒውተር ላይ 40 ሰዓት ካየሽ ወይ ዲስኩ አዲስ ተቀይሯል፣ ወይ ቁጥሩ ተነካክቷል። ሁሉንም የዩኤስቢ ቀዳዳዎች በፍላሽ ሞክሪ። ኬዙን አስከፍቺና የማዘርቦርዱን ካፓሲተሮች (ትንንሾቹን ቆርቆሮ መሰል በርሜሎች) ጫፍ እዪ፤ ያበጠ ወይም ቡናማ ነገር ያንጠባጠበ ካለ አይሆንም።

ኦፕቲፕሌክስ ከሆነ በብዙዎቹ ላይ ከኋላ፣ የኮረንቲ ገመዱ ከሚሰካበት አጠገብ፣ ትንሽ ቁልፍ አለች። ገመዱ ተሰክቶ ስትጫኚያት አጠገቧ ያለች አረንጓዴ መብራት ከበራች ፓወር ሰፕላዩ (ኮረንቲውን ለማሽኑ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ደህና ነው። ይህን አትዝለዪ፤ የእነዚህ ማሽኖች ፓወር ሰፕላይ ተራው ባለ 24 ፒን አይደለም፣ ከተቃጠለ የሰፈር ሱቅ ውስጥ ያለው አይገጥምለትም።

መልስ፣ ከለገጣፎ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፣ ግን አዲሱንም በቶሎ አትጣዪው። ዋስትና እና የተጨማሪ እሴት ታክስ ደረሰኝ ከፈለግሽ፣ አምስት ስድስት ዓመት ሳትነኪው እንዲቆይም ካሰብሽ ያዋጣል። ዝርዝሩን ግን አንቺ ስጪው እንጂ ገጣጣሚው አይምረጥልሽ፦

ፕሮሰሰር አይ3-12100፣ አራት ኮር ስምንት ትሬድ። መጨረሻው ላይ «ኤፍ» የሚል ፊደል ካለበት ግራፊክስ የለውም፤ ረከሰ ብለሽ ከገዛሽው ለብቻው ግራፊክስ ካርድ ካልተገዛለት ስክሪኑ ጨለማ ነው። ማዘርቦርድ ኤች610፣ ዲዲአር4 የሚባለውን የራም ዓይነት የሚቀበለው። ይህ ቦርድ በዲዲአር5ም ይመጣል፣ ራማቸው አይቀያየርም፤ ስለዚህ ቦርዱና ራሙ ከአንድ ሱቅ ይገዙ። ኤስኤስዲ 256 ወይም 512 ጂቢ ኤንቪኤምኢ፣ ከሳታው የሚፈጥነው ዓይነት።

ከኤኤምዲ ወገን ሪዘን 5 5600ጂ ጥሩ ነው። እዚያ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ በዚህ በ5000 ተከታታይ «ጂ»ው ከሌለ ግራፊክስ የለም።

ብዙ ቢሮ የሚከስረው ፓወር ሰፕላይ ላይ ነው። ከኬዝ ጋር አብሮ የሚመጣው «500 ዋት» የሚል ጽሑፍ ያለበት ቀላል ቆርቆሮ አለ። በእጅሽ አንሺው፤ እንደ ባዶ ካርቶን ከቀለለሽ ውስጡ ያለው ትራንስፎርመርና ካፓሲተር ትንሽ ነው ማለት ነው፣ ማጣሪያውንም ቀንሰውታል። ይህ ማሽን ከሞኒተሩ ጋር እንኳ 100 ዋት አካባቢ ነው የሚፈልገው፤ ትልቅ ቁጥር ሳይሆን ንጹሕ ኮረንቲ ነው የጎደለው። 80 ፕላስ ብሮንዝ የሚል የኮረንቲ ቁጠባ ምልክት ያለው እውነተኛ 400 ወይም 450 ዋት ይበቃል። ከፕሮሰሰሩ ላይ ቀንሰሽም ቢሆን እሱን ግዢ። በርካሾቹ ላይ ከኋላ 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ካለ፣ ከመሰካትሽ በፊት 230 ላይ መሆኑን በዓይንሽ እዪ። የእኛ ኮረንቲ 220 ነው፤ 115 ላይ ሆኖ ከተሰካ በአንድ ጩኸት ያበቃለታል።

መልስ፣ ከቡራዩ

ሁለታችሁም መልካም ብላችኋል። ግን ጠያቂዋ መብራት በቀን ሁለት ሦስቴ ይሄዳል ብላለች፤ እኔ ምርጫውን ከዚያ ነው የምጀምረው።

እህቴ፣ ሦስተኛ መንገድ አለ፦ ዩዝድ ሚኒ። ኦፕቲፕሌክስ 3060 ማይክሮ፣ ኤሊትዴስክ 800 ጂ4 ሚኒ፣ ቲንክሴንተር ኤም720ኪው። ወፍራም መጽሐፍ ያህላሉ። ውስጣቸው አብዛኛውን ጊዜ አይ5-8500ቲ አለ፤ ስድስት ኮር ሆኖ በ35 ዋት የተወሰነ ነው። ጽሑፍና ሒሳብ እየተሠራበት ከባለ 20 ኢንች ሞኒተር ጋር ከ40 እስከ 50 ዋት ብቻ ይወስዳል። መብራት ሲሄድ ማሽኑን በባትሪ የሚያቆየው ዕቃ፣ ተራው 650 ቪኤ ዩፒኤስ፣ ውስጡ ያለው ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ነው፣ 84 ዋት-ሰዓት ማለት ነው፤ ግን በመቀየር የሚባክነውን ቀንሺ። ትልቁን ኬዝ 15 ደቂቃ ገደማ ቢያቆይልሽ፣ ሚኒውን ባትሪው አዲስ ሳለ ከግማሽ ሰዓት በላይ ያቆይልሻል። ፒችትሪ ፋይሉ ላይ እየጻፈ ሳለ መብራት ከሄደ ዳታው ሊበላሽ ስለሚችል ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ጉድለቱንም ልንገርሽ። ራሙ የላፕቶፕ ነው፣ የዴስክቶፕ ራም አይገባበትም። ዲቪዲ የለውም። አዳፕተሩ ኦሪጂናል መሆን አለበት፤ ዴል አዳፕተሩን ካላወቀው ሲበራ ማስጠንቀቂያ ያወጣና ፕሮሰሰሩን ሆን ብሎ ያዘገየዋል። «ኮምፒውተሩ ደከመ» ተብሎ ፎርማት ሲደረግ የሚከርመው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ዋይፋይ የሌላቸውም አሉ፣ ጠይቂ። ሞኒተርሽ ቪጂኤ ብቻ ከሆነ ከዲስፕሌይፖርት ወደ ቪጂኤ የሚቀይር ኮንቨርተር ጨምሪበት።

ዩፒኤሱ ላይ፦ ባትሪው የተመረተበትን ቀን እዪ፣ ሱቅ ላይ ሳይሞላ የከረመ ባትሪ ገና ሳይሠራ ይሞታል። ስትገዢ መጀመሪያ ቀን ምንም ሳትሰኪበት ሌሊቱን ሙሉ ሙዪው። ሙሉ በሙሉ እስኪያልቅ አትጠቀሚበት፤ ጩኸቱ ሲጀምር ሴቭ አድርገሽ ዝጊ። እንዲህም ተይዞ በሁለት ሦስት ዓመት ይቀየራል፣ ባትሪው ብቻውን ይሸጣል።

አቧራም አለ። የእኛ መንገድ ገና አስፋልት ያልገባበት ብዙ ነው፤ ኬዙን ወለል ላይ አታድርጊው። በሦስት ወር አንዴ በብሎወር አስነፊው፣ ሲነፋ ግን ፋኑን በጣት ያዢው።

መልስ፣ ከሰበታ

የት ይገዛ ለሚለው፦ መርካቶ ምርጫውም ሰፊ ነው፣ ዋጋም ይወርዳል፤ ግን በሚገባ የሚያውቅ ሰው ይዘሽ ሂጂ፣ የሙከራ ጊዜውንም በጽሑፍ ተቀበዪ። መገናኛና ቦሌ ትንሽ ይወደዳል፤ አብርቶ ለማየት ጊዜ ይሰጡሻል፣ ደረሰኝም በቀላሉ ይገኛል። ለሒሳብ ቢሮ ደግሞ ወጪው እንዲያዝልሽ ደረሰኙ ግድ ነው። ቴሌግራም ላይ ለዋጋ ማነጻጸሪያ እዪ፣ ዕቃው ሳይበራ ግን ቅድሚያ ክፍያ አትላኪ። የሰፈር ቴክኒሻን ለግዢ ሳይሆን ለጥገና ይሁንልሽ፤ ቅርብ ስለሆነ የሚደርስልሽ እሱ ነው።

ሌላው፣ ዩዝድ ስትገዢ የማዘርቦርዷን ክብ ባትሪ፣ ሲአር2032 የምትባለውን፣ ያኔውኑ አስቀይሪ። እሷ ስትሞት ገመዱ በተነቀለ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ዌብሳይቶች «ደኅንነቱ አልተረጋገጠም» እያሉ አይከፈቱም፣ ደረሰኝሽም ላይ የተሳሳተ ቀን ይገባል።

ጥያቄ፣ ከቱሉ ዲምቱ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሚኒውን ልይዝ ነው። ሌዘር ፕሪንተሩን እዚያው ዩፒኤስ ላይ ልሰካው እችላለሁ?

መልስ፣ ከቡራዩ

በፍጹም። ሌዘር ፕሪንተር ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው በሙቀት ነው፤ ሮለሩ ሲሞቅ ለአፍታ ከ600 ዋት በላይ ይስባል። 650 ቪኤ የሚለው ዩፒኤስ በዋት ሲቆጠር 360 አካባቢ ነው፤ ያኔውኑ ጮኾ ይጠፋል፣ ኮምፒውተሩንም ይዞ ይሄዳል። ፕሪንተሩን ለብቻው ግድግዳው ሶኬት ላይ ስኪው፤ መብራት ሲሄድ ንቀዪው፣ ሲመለስ አምስት ደቂቃ ጠብቀሽ ስኪው። ዩፒኤሱ ላይ ሚኒው፣ ሞኒተሩና የዋይፋይ ራውተሩ ብቻ ይሁኑ።