ውሻ ገዳዩን ቢያጋልጥ ታምናላችሁ? (ለጎንደር ልቦለድ ምክር ፈለግሁ)

ጥያቄ፦ ሰላም ቤተሰብ። ቀለል ያለ የወንጀል ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። ደም የማይበዛበት፣ ቡና እየጠጡ የሚነበብ ዓይነት። ቦታው ጎንደር፣ ቀሃ ወንዝ አካባቢ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ጠዋት እዚያው ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ሞቶ ይገኛል። ነገሩን የምታጣራው ጎረቤቱ ናት፤ ጠላ የምትጠምቅ ባልቴት። አንድ ውሻ፣ አንድ አህያና አንዲት ጥቁር ድመት አሏት። የቸገረኝ መጨረሻው ነው። ውሻው ገዳዩ ላይ ጮኾ ያጋልጠዋል ብዬ ነበር፤ ጓደኛዬ አንብቦ ሳቀብኝ። ምን ይሻላል?

የአራዳው፦ መሳቁ አይፈረድበትም። ጎንደር ላይ ውሻ ጮኸ ብሎ ማን ዞር ይላል? ሌሊቱን ሙሉ ጅብ ላይ ሲጮህ ነው የሚያድረው። ይልቅ አህያውን ተጠቀምበት። አህያ እንደ ፈረስ ደንግጦ አይፈረጥጥም፤ ቀጥ ብሎ ይቆማል። መንገድም አይረሳም። በየሳምንቱ እህል ጭኖ የሚገባበት በር ላይ ደርሶ እንቢ ካለ እኔ እጠረጥራለሁ።

የወፍጮ ቤት ልጅ፦ ኧረ ዱቄቱን ረሳኸው! ወፍጮ ሲሠራ ብናኙ የማያርፍበት ነገር የለም፤ ቅንድብ ሳይቀር ይነጣል። ሬሳው ላይ ዱቄት ከሌለ ሰውየው የሞተው ወፍጮው ከቆመ በኋላ ነው። ገዳዩ «በጊዜ ቤቴ ገብቼ፣ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ወፍጮው ሲሠራ ሰምቻለሁ» ይበል። መብራት ግን ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ጠፍቷል። (ይህን አንባቢ ለማሳመን አትቸገርም።) ድመቷ ደግሞ ማታ ማታ አይጥ ፍለጋ ወፍጮ ቤት ትገባለች። ባልቴቷ የምትለቃት ከእራት በኋላ ነው እንበል። ጠዋት ወለሉ ላይ የድመቷን ዱካ የጫማ ዱካ ረግጦታል። በጊዜ ቤቴ ገባሁ ያለው ሰውዬ አለቀለት!

ጠበቃው፦ ሕጉን እንዳታበላሽ ብዬ ነው። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ነው። ፖሊስ መጀመሪያ የወፍጮ ቤቱን ሠራተኛ ያለ ጥፋቱ ይያዝ። ባልቴቷ ያኔ ትሯሯጣለች። ሁለት ቀን ካነሰህ ፖሊስ የ14 ቀን ጊዜ ቀጠሮ ይጠይቅልሃል።

እታለም፦ ተጠርጣሪዎቹን ለመሰብሰብ አትድከም። ለቅሶ አለ አይደል? ገዳዩ ለሠልስቱ ድንኳን ካልመጣ ሰፈሩ «የት ሄደ?» ይላል። ስለዚህ ይመጣል፣ ንፍሮውንም ይዘግናል። ግንቡን ግን ተወው እባክህ፣ ጎንደር ሲባል ሁሉም ፋሲል ግቢ ይሮጣል። እንስሳ ምን ይረዳል የሚልህ ካለ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ጥቀስለት። በ1880 ደርቡሽ ከተማውን ሲያቃጥል ያቺን ቤተ ክርስቲያን ያተረፋት ንብ ነው ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ! የውሻውን ምዕራፍ ሰረዝኩት። አህያውን በር ላይ አቁሜዋለሁ፣ ዱቄቱም ገብቷል። ውሻው ግን ሥራ ፈታ። ምን ላድርገው?

የአራዳው፦ ይተኛ እንጂ። ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ አድሮ!