ችግሩ የወንዱ እርጅና ነው ወይስ ብርዱ?

ወፍ የምታረቡ ወገኖች፣ እባካችሁ አንድ በሉኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ቤት ውስጥ ዜብራ ፊንች የሚባሉ ጥንድ ትንንሽ ወፎች አሉኝ። ሴቷ እንቁላል ትጥላለች፣ ተራ በተራ ይታቀፋሉ፣ ጫጩት ግን የለም።

ከታቀፉት ሳምንት ሲያልፍ ማታ በስልኬ መብራት እያንዳንዱን እንቁላል አየሁት። እስከዚያ ቀያይ የደም ስር መታየት ነበረበት። የኔዎቹ ጥርት ያሉ ቢጫ ናቸው፤ ጠብታ ጥላ እንኳ የለባቸውም። እናም ጫጩቱ ውስጥ ሞቶ አይመስለኝም፤ ከመነሻው ዘር አልያዘም።

ሴቷ ዓመት እንኳ አልሞላትም። ወንዱን ያመጣሁት ከአዲስ አበባ ነው። ሻጩ "ገና ጎረምሳ ነው" ብሎ ምሎ ተገዝቶ ነው የሰጠኝ። እግሩ ግን ቅርፊት በቅርፊት ነው፣ ጥፍሩም ረዝሟል። እነዚህ ወፎች ቤት ውስጥ ሲኖሩ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ዓመት ነው እድሜያቸው። ዘፈኑን ከሰማችሁት ግን የትናንት ሙሽራ ነው የሚመስላችሁ!

ብርዱንም እጠረጥራለሁ። የኅዳርን ውርጭ ታውቁታላችሁ፤ ወፎቹ ደግሞ ዘራቸው ከአውስትራሊያ ነው። ማታ ማታ ጎጇቸውን በብርድ ልብስ እሸፍናለሁ። መቆሚያ እንጨታቸው እንዳይወዛወዝም አጥብቄዋለሁ፤ ከተወዛወዘ ሲገናኙ ይንሸራተታሉ። የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊትም ይበላሉ።

ወንድ ፊንች በስንት ዓመቱ ነው ዘሩ የሚደክመው? እግሩ ላይ ቀለበት ከሌለ እድሜው በምን ይታወቃል? ሌላ ወንድ ባመጣላትስ፣ ሴቷ ትቀበለዋለች? እነዚህ ወፎች ከተጣመሩ አይለያዩም። ደብረ ብርሃን ወይም ሸዋ ሮቢት አካባቢ እድሜው በትክክል የሚታወቅ ወንድ ያላችሁ ካላችሁ እገዛለሁ።