በዕድሜ የሚለወጠው የጨዋታ ምርጫችን ነው ወይስ የምንጫወትበት ሁኔታ?

አዌቱ ማዶ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የተወለድሁትም ያደግሁትም ጅማ ነው፤ ዕድሜዬ ሠላሳ ስድስት ደርሷል፤ የምተዳደረው በሒሳብ ሠራተኝነት ነው። በልጅነቴ በቲቪ ጌም ኮንትራንና ሱፐር ማሪዮን፣ በጉርምስናዬ ደግሞ መርካቶ አካባቢ በነበሩት የፕሌይስቴሽን ቤቶች የኮናሚን ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር እየተጫወትሁ አደግሁ። በእነዚያ ቤቶች የተሸነፈ ከፍሎ ይነሣል፣ ያሸነፈ እንደ ተቀመጠ ይቆያል፤ ስለዚህ ጆይስቲኩ ከእጃችን እንዳይወጣ የማንሞክረው ዘዴ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ስድስተኛው እትም አጥቂው አድሪያኖ ከየትም ቢመታ ግብ ስለሚሆንለት፣ የእርሱን ቡድን የጣሊያኑን ኢንተር ሚላንን መምረጥ እንደ ነውር ይቆጠር እንደ ነበር የምታስታውሱ ትኖራላችሁ።

በዚያ ዘመን ቀስ ብሎ የሚሄድ ጨዋታ አልወድም ነበር። የሰፈሬ ልጅ በኮምፒውተር ኤጅ ኦቭ ኢምፓየርስን ሲጫወት፣ ገበሬዎቹ እንጨት ቆርጠው እስኪጨርሱ አጠገቡ ተቀምጦ ማየት እንኳ ያንገፈግፈኝ ነበር። አሁን ነገሩ ተገልብጧል። ማታ ልጆቼ ከተኙ በኋላ ላፕቶፔን ከፍቼ ሲቪላይዜሽን ስድስትን እጀምርና፣ ቀጣዩን ከተማ ከወንዙ ዳር ልቆርቁር ወይስ ከተራራው ግርጌ እያልሁ ሳወጣና ሳወርድ እኩለ ሌሊት ያልፋል። አዲሱ የእግር ኳስ ጨዋታ ግን ፊቴ ቢቀመጥ አያጓጓኝም፤ ከማላውቀው ሰው ጋር በኢንተርኔት ገጥሜ ባሸንፍ እንኳ ደስታው ወዲያው ይጠፋል።

ለመሆኑ የተለወጠው ምንድን ነው? ዝንባሌዬ ራሱ ነው፣ እጄ መዘግየቱን ሳላውቀው ከፉክክር እየሸሸሁ ነው፣ ወይስ ጨዋታዎቹ ናቸው እንደ ቀድሞው ያልሆኑት? በተለይ ሠላሳ ዓመት ያለፋችሁ ምን እንደ ታዘባችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ዘገምተኛው

ጥያቄዎ ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ ስለያዘ ነጣጥሎ ማየት ይጠቅማል፤ አንደኛው እጅ ምን ይችላል የሚለው ነው፣ ሁለተኛው ልብ ምን ይፈልጋል የሚለው።

ስለ እጅ የሚነገር ጥሩ ማስረጃ አለ። በካናዳ የሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 44 ዓመት የሆኑ 3,305 የስታርክራፍት ሁለት ተጫዋቾች ያደረጓቸውን ውድድሮች መዝገብ መርምረው ነበር። ስታርክራፍት ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ የሚካሄድበት፣ አንዲት ቅጽበት መዘግየት ጦር የምታስፈጅበት ጨዋታ ስለሆነ ለዚህ ዓይነት ልኬት ይመቻል። ተጫዋቹ አዲስ ነገር በስክሪኑ ላይ ካየ በኋላ የመጀመሪያውን እርምጃ እስኪወስድ የሚያልፈው ጊዜ መርዘም የሚጀምረው በ24 ዓመት ገደማ ሆኖ አግኝተውታል። ይህ ማለት እርስዎም እኔም ገና ወጣት ነን ብለን በምናስብበት ዘመን መዘግየት ጀምረን ነበር ማለት ነው።

ይሁን እንጂ በዚያው ጥናት ውስጥ ለጥያቄዎ የበለጠ የሚቀርበው ሌላው ግኝት ይመስለኛል። በዕድሜ የገፉት ተጫዋቾች አጫዋወታቸውን አቅልለውና የጨዋታውን አቋራጭ ትእዛዞች በብልኀት ተጠቅመው የዘገዩበትን ያህል ያካክሱ ነበር። ስለዚህ የእጅ መዘግየት ብቻውን ሰውን ከፉክክር አያስወጣም።

ልብን በተመለከተ ደግሞ፣ ተጫዋቾች ለምን እንደሚጫወቱ በመጠይቅ የሚያጠናው ኳንቲክ ፋውንድሪ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት፣ ከዕድሜ ጋር ከሁሉ ይበልጥ የሚቀንሰው ፍላጎት ፉክክር መሆኑን አሳይቷል። አስቀድሞ የማሰብ፣ የማቀድና ውሳኔን የማመዛዘን፣ ማለትም የስልት ፍላጎት ግን በወጣትና በጎልማሳ መካከል ብዙም አይለያይም። እርስዎም ከኳሱ ሸሽተው ከተማ ወደ መቆርቆር የሄዱት በዚሁ መንገድ ይመስለኛል።

የሌሊት ተረኛ

የጻፍኸውንም የተሰጠህንም መልስ በጥሞና አነበብሁ፤ ነገር ግን ወንድሜ፣ ሁለታችሁም ዘንግታችሁታል የምለው ነገር አለ። ነርስ ነኝ፤ የሁለት ልጆች እናትም ነኝ። ከወንድሞቼ ጋር በቴከን ሦስት እየተደባደብሁ ነው ያደግሁት፤ ጎድ ኦቭ ዋርን በፕሌይስቴሽን ሁለት ከጨረሱት የሰፈራችን ልጆችም አንዷ ነበርሁ። አሁን በስልኬ ላይ የሚገኘው ካንዲ ክራሽ ብቻ መሆኑን ያየ ሰው፣ ዕድሜ ምርጫዋን አለዘበው ይል ይሆናል። እኔ ግን አልተለወጥሁም። የዓመት ፈቃድ ወጥቼ ልጆቹ አያታቸው ዘንድ ሲሄዱ የምከፍተው ያንኑ የድሮውን ዓይነት፣ ደም የሚረጭበትንና ጣት የሚያደክመውን ጨዋታ ነው።

ለእኔ ጨዋታን የሚመርጥልኝ የዕረፍቴ ቅርጽ ነው። ካንዲ ክራሽ አምስት ሕይወት ይሰጥሃል፤ አንዷ ስትጠፋ ተመልሳ እስክትሞላ ሠላሳ ደቂቃ ትጠብቃለህ። ብዙ ሰው በዚህ ይበሳጫል፣ ሠሪዎቹም ያን ያደረጉት ትዕግሥት ያጣው እንዲከፍል ነው፤ ለእኔ ግን አምስቱ ሲያልቁ ስልኩን የማስቀምጥበት ምክንያት ይሆነኛል። በኢንተርኔት የሚካሄድ የእግር ኳስ ግጥሚያ ግን ልጅ አለቀሰ ብለህ፣ ወይም በር ተንኳኳ ብለህ የምታቆመው ነገር አይደለም፤ ጥለኸው ብትነሣ ተሸነፍህ ይባላል። አንተ የምትወደው ሲቪላይዜሽን ደግሞ ተራህ ሲደርስ እስክትወስን ድረስ ዝም ብሎ ይጠብቅሃል። ቡና አፍልተህ፣ ልጅ አስተኝተህ፣ ስልክ አናግረህ ብትመለስም ያቋረጥኸው ጋር ታገኘዋለህ። እኩለ ሌሊት አለፈ ስላልህ ሰዓት አላጣህም፤ ያጣኸው የማይቋረጥ ሰዓት ነው።

መብራትንም አትርሱ። ድሮ በፕሌይስቴሽን ሁለት ስምንት ሜጋ ባይት የምትይዝ ሚሞሪ ካርድ ነበረች፤ ሴቭ የሚደረግበት ቦታ ሳትደርስ መብራት ከጠፋ ግማሽ ቀን የተጫወትኸው ከንቱ ቀረ ማለት ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቴ እንደ ገና እጀምረው ነበር። ዛሬ ግን ራሱን ሴቭ የማያደርግ ጨዋታ አልጀምርም፤ ክረምቱ ሳይቋረጥ በሚዘንብበት ከተማችን የምትኖሩ ለምን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። ታዲያ ይህን «ዝንባሌዋ ተለወጠ» ማለት ይቻላል? እኔ አይመስለኝም።

ባለ ጌም ቤቱ

ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ጌም ቤት ስለማስተዳድር ከወንበሬ ሆኜ የማየውን ልናገር። ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ የሚመጡት ልጆች አዲስ ነገር ካልወጣ ይሰለቻሉ፤ የተጫዋቾች ዝውውር በጨዋታው ውስጥ ካልተስተካከለ ይጣሉኛል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እንደ ጠያቂው ያሉ ጎልማሶች ሦስትም አራትም ሆነው ይመጣሉ። የሚፈልጉት ያንኑ የድሮውን እትም ነው፤ ለእነርሱ ስል አሮጌውን ማሽን እስካሁን አልሸጥሁትም።

ፉክክር በዕድሜ ይቀንሳል የተባለው በእኔ ቤት በከፊል ብቻ ነው የሚታየው። እነዚህ ሰዎች ከልጆቹ ጋር ግጠሙ ሲባሉ አይፈልጉም፤ ልጆቹ እንደሚያሸንፏቸው ስለሚያውቁ ብቻ አይደለም፣ ማሸነፉም ምንም ስለማይሰጣቸው ነው። እርስ በርሳቸው ሲገጥሙ ግን ጩኸታቸው ጎረቤት ይረብሻል፤ የዛሬ ሃያ ዓመት የተቆጠረ ግብ እያነሡ ይከራከራሉ። የጅማ አባ ጅፋር ክለባችን በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ ያየሁትን ዓይነት ጭፈራ በአንድ የቅጣት ምት ሲጨፍሩ አይቻለሁ። ጠያቂው ወንድሜ ከማያውቀው ሰው ጋር ተጫውቶ ደስታ ማጣቱ ስለዚህ አይገርመኝም። ኳሱ ያው ነው፤ የጎደለው አጠገቡ ተቀምጦ የሚሰድበው ጓደኛ ነው።

ቴክኖ ግቢ

እኔ ዩኒቨርሲቲ ያለሁ ተማሪ ነኝ፤ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው፤ ስለዚህ ጋሼ ለጥያቄዎ እኔ ትክክለኛው መላሽ ላልሆን እችላለሁ። ነገር ግን ከተባለው ውስጥ አንድ ነጥብ ላይ መከራከር እፈልጋለሁ። ዘገምተኛው የጠቀሷቸው ጥናቶች የሃያ ዓመቱንና የአርባ ዓመቱን ሰው በአንድ ዘመን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጠው ያነጻጸሩ ናቸው እንጂ፣ አንዱን ሰው ከሃያ እስከ አርባ ዓመቱ ተከትለው ያዩ አይደሉም። የአርባ ዓመቱ ሰው ፉክክር የማይወደው ስላረጀ ነው ወይስ ያደገው ጨዋታ ሁሉ ከሰው ጋር የሚያጋጥም ባልነበረበት ዘመን ስለሆነ ነው? በዚህ መንገድ መለየት አይቻልም።

ደግሞም አማካይ ስለ አንድ ሰው ብዙ አይናገርም። ጃፓናዊቷ ሃማኮ ሞሪ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1930 ነው፤ ቪዲዮ ጌም የጀመሩት በሃምሳዎቹ ዕድሜያቸው ሲሆን፣ በዘጠና ዓመታቸው በ2020 በዓለም በዕድሜ ትልቋ የጌም ዩቲዩበር ተብለው በጊነስ ተመዝግበዋል። ከሚወዷቸው ጨዋታዎች አንዱ ግራንድ ቴፍት ኦቶ አምስት ነው! በተቃራኒው እኔ በዚህ ዕድሜዬ የምወደው ስታርዲው ቫሊን ነው፤ ኤሪክ ባሮን የተባለ አንድ ሰው ብቻውን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው፣ እርሻ ማረስና ከመንደር ሰዎች ጋር መወዳጀት ያለበት ጸጥ ያለ ጨዋታ ነው። ከእኔ ጋር በአንድ ክፍል የሚያድሩት ልጆች ሽማግሌው ይሉኛል።

ጨዋታዎቹ ተለውጠዋል ወይ ላሉትም መልሴ አዎን ነው። ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ2021 ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር የሚለውን ስም ትቶ ኢፉትቦል ብሎ በነፃ መስጠት ጀምሯል። በነፃ የሚሰጥ ጨዋታ ገቢውን ከሌላ ቦታ ማግኘት ስላለበት፣ በየቀኑ ግቡ፣ ሽልማት ውሰዱ፣ ተጫዋች ለማግኘት ዕጣ አውጡ ይላል። እርስዎ የሚያውቁት ጨዋታ ሁለት ሰዎች እኩል ቡድን ይዘው የሚጋጠሙበት ነበር። የዛሬው ግን ብዙ ጊዜ ያጠፋ ወይም ገንዘብ የከፈለ ሰው የሰበሰበውን ቡድን ይዞ ይመጣብዎታል፤ ሰርቨሩ ከአገር ውጭ ሲሆን ደግሞ የነኩት አዝራር ዘግይቶ ይታዘዛል። ይህን አልወደድሁትም ማለት የዕድሜ ምልክት አይደለም፤ እኔም አልወደድሁትም።

አዌቱ ማዶ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እህቴ የሌሊት ተረኛ ስለማይቋረጥ ሰዓት የተናገረችው ከሁሉ ይልቅ ገብቶኛል፤ ጨዋታ ስከፍት ሳላውቀው የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ይህን በመካከል መተው ይቻላል?» የሚለው ሆኗል። ሆኖም ሁኔታ ብቻ ነው የሚለውን ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። ልጆቼ ለበዓል ወደ ዘመድ ሄደው ቤቱ ለእኔ ብቻ በተተወበት ጊዜም የከፈትሁት ያንኑ ሲቪላይዜሽን ነበር፤ እርሷ በፈቃዷ ወደ ድሮው ትመለሳለች፣ እኔ አልተመለስሁም። የእኔ ዝንባሌ በእውነት ተለውጧል ማለት ነው፤ በየአንዳንዳችን ላይ የሚሠራው ነገር አንድ ዓይነት አይደለም።

ባለ ጌም ቤቱ የነገረን ግን ሌላ ጥያቄ ፈጠረብኝ። አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ከሆነ የጎደለኝ፣ እርሱን ለማግኘት ወደማልወደው ጨዋታ መመለስ አለብኝ?

ቴክኖ ግቢ

የለብዎትም ጋሼ። ሲቪላይዜሽን ስድስት በኮምፒውተር ላይ ሆት ሲት የሚባል አማራጭ አለው፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ላፕቶፕ ተራ በተራ ይጫወቱበታል፣ ኢንተርኔትም አያስፈልገውም። ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሹን የካርታ መጠን፣ ዱዌል የሚለውን ይምረጡ፤ የጨዋታውን ፍጥነት ደግሞ ኦንላይን የሚለው ላይ ያድርጉት፣ ስሙ ኦንላይን ቢሆንም ከሁሉ ፈጣኑ ነው። እንዲያም ሆኖ በአንድ ምሽት የሚያልቅ ስላልሆነ፣ ሴቭ አድርገው የሚቀጥሉበትን ቀን ከጓደኛዎ ጋር አስቀድመው ይስማሙ።

የሌሊት ተረኛ

ጓደኛህ ተራውን ሲጫወት ፊትህን አዙር፤ የጦሩን ቦታ ካየህበት ጨዋታው ተበላሸ ማለት ነው። እኔና ወንድሜ በዚህ ተጣልተናል።