አራት ኪሎ ላይ መኪና ቆመብን፤ ወደ ፓርኩ በምን እንሂድ?

ጠያቂ (ጠዋት 3፡20)
ሰላም ቤተሰብ፣ ቶሎ እርዱኝ። አራት ኪሎ ሐውልቱ አጠገብ ነን። የወንድሜ መኪና ሞቃ ቆማለች፣ ከፊት እንፋሎት እየወጣ ነው። እናቴና ሁለት ልጆች አብረውኝ ናቸው። ፓርኩን ልናይ ነበር የወጣነው። በስልክ የጠራኋቸው ሁለት መኪኖች ተራ በተራ ሰረዙብኝ። ትንሹ ማልቀስ ጀምሯል። በታክሲ እንዴት ነው የሚኬደው? ከደረስን በኋላስ ውስጡን ያለ መኪና መዞር ይቻላል?

የፒያሳ ልጅ
የትኛው ፓርክ? አራት ኪሎ ቆመህ «ፓርኩ» ስትል ብዙ ነው። አንድነት ፓርክ ከሆነ ቁልቁል በእግር ነው። ወዳጅነትም እዚያው ሰፈር ነው። እንጦጦ ከሆነ ግን ሌላ ወሬ ነው።

ባለ ላዳ
ፓርኩ ይቆይ። የራዲያተሩን ክዳን ማንም እንዳይነካ! የፈላው ውሃ ፊት ላይ ነው የሚረጨው። ሞተሩን አጥፉ፣ ኮፈኑን ክፈቱና ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ግማሽ ሰዓትም ቢሆን ይጠበቃል። በእጅ ሲነካ በረድ ካለ በኋላ ነው ክዳኑ በጨርቅ ተይዞ ቀስ ተብሎ የሚከፈተው። ውሃ ከተጨመረ በኋላም በዚያች መኪና እንጦጦ እንዳትወጡ። ዳገቱ መልሶ ያፈላታል።

የታሪክ ወዳጅ
እንጦጦ ከሆነ የምትሄዱት፣ ልጆቹ ይህን ቢያውቁ ደስ ይለኛል። ምኒልክና ጣይቱ መጀመሪያ የከተሙት እዚያ ተራራ ላይ ነበር። ብርዱ ጠና፣ ማገዶውም አለቀ። እቴጌ ፍልውሃን ወደዱትና በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ያም ሆኖ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የጫኑት እዚያው እንጦጦ ማርያም ነው። ዛሬ የምታዩት ባሕር ዛፍ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። አንድነት ፓርክ ያለበት ታላቁ ቤተ መንግሥት ደግሞ ከተራራው ወርደው ያሠሩት ግቢ ነው። ስለዚህ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች መምጣት ነው የሚያምረው።

መንገደኛ
ሽሮ ሜዳ ታክሲ ያዙ።

ጠያቂ
እንጦጦ ነው፣ ሳልጽፈው ቀርቼ ይቅርታ። የታሪክ ወዳጅ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ማታ ለልጆቹ አነብላቸዋለሁ። ክዳኑን ወንድሜ ሊከፍት ሲል ነው መልእክቱ የደረሰው፣ ተርፏል። አንድ ነገር ልጨምር፣ እናቴን ጉልበቷን ያማታል። ብዙ መራመድ አትችልም።

ነርሷ
ወንድሜ፣ ታዲያ ለምን እንጦጦ? ተራራው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ለአዛውንት ትንፋሽ ያጥራል፣ ነፋሱም ብርድ ነው። አንድነት ፓርክ አጠገባችሁ ነው። ልጆቹ ባለ ጥቁር ጎፈሩን አንበሳ ያያሉ፣ እናትህ ወንበር ላይ አረፍ ይላሉ። ዛሬ ያን አድርጉና እንጦጦን መኪናው ሲሠራ ሂዱ።

ጠያቂ
እናቴ የደብረ ብርሃን ሰው ናት። ማርያምን ሳልሳለም አልመለስም ብላለች። አሁንም ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን እያስተካከለች ነው።

ነርሷ
የደብረ ብርሃን ሰው ከሆኑ የትንፋሹን ነገር ትቼዋለሁ። እዚያም 2,800 ሜትር ገደማ ነው። ጉልበቱን ግን አልተውም። ታክሲ ውስጥ እግራቸው ታጥፎ እንዳይቆይ። ጋቢና አስቀምጣቸው።

የሰሚቱ
በባቡር አይሻልም? ሰልፍ የለውም።

የፒያሳ ልጅ
ባቡሩ እንጦጦ አይወጣም። አንዱ መስመር ከአያት ጦር ኃይሎች ነው፣ ሌላው ወደ ቃሊቲ ነው የሚሄደው። ሰውዬውን አታደናግሩት።

ሰላም ለሁሉ
ከላይ እንደተባለው ሽሮ ሜዳ ታክሲ ያዙ።

የሽሮ ሜዳ ልጅ
እኔ እዚሁ ነው ያደግሁት፣ በዝርዝር ልንገርህ። አራት ኪሎ ላይ «እንጦጦ» ብለህ አትጠይቅ፣ «ሽሮ ሜዳ» በል። ፌርማታዎቹ ከመንገድ ሥራው ወዲህ ቦታ ስለቀያየሩ ተራ አስከባሪውን ጠይቀው። ታክሲው በአምስት ኪሎ፣ በስድስት ኪሎ፣ በአሜሪካን ኤምባሲ አድርጎ ነው የሚወጣው። መጨረሻው ላይ ውረዱ። የሐበሻ ልብስ የተሰቀለባቸው ሱቆች ስታይ ደርሰሃል።

ከዚያ ሌላ ታክሲ ነው። ወደ ላይ የሚወጣውን ረዳቱ ራሱ ይጠራል። ከመሳፈርህ በፊት «ማርያም ድረስ ነው?» ብለህ አረጋግጥ፣ አንዳንዱ መሐል ላይ ያወርዳል። ዝርዝር ብር ያዝ። ሰው ከበዛ ለረዳቱ እናትህን አሳየውና ጋቢናውን ለምነው። የኛ ሰፈር ረዳት ለእናት እንቢ አይልም።

ውስጡን ስለመዞር ጠይቀሃል። ፓርኩ 1,300 ሄክታር ገደማ ነው። ሁሉን በእግር አይቼ እመለሳለሁ ካልክ ልጆቹን አዝለህ ነው የምትወርደው። አንድ ቦታ ምረጥ። እናትህ ማርያም ይሳለሙ፣ ሙዚየሙና የምኒልክ የጭቃ ቤተ መንግሥት እዚያው ቅርብ ናቸው። ወንድምህ ከመኪናው ጋር የሚቀር ከሆነ ግን ሌላ ትልቅ ሰው ጥራ። እናትህን ብቻቸውን ትተህ ልጆቹን ፈረስ ልታስጋልብ አትችልም።

መንገድ ዳር ስትሄዱ ማገዶ የተሸከሙ እናቶች ከላይ ይወርዳሉ። ሸክማቸው ከግራ ቀኝ ወጣ ያለ ነው፣ እነሱ ጎንበስ ብለው መሬት መሬት ነው የሚያዩት። ልጆቹን ወደ ጥግ ያዝና አሳልፋቸው። የምሽት ታክሲ ደግሞ አይታመንም፣ ከ10 ሰዓት በፊት ለመውረድ ተነሱ። በጫካው አቋርጠን እንውረድ የሚል ሰው ቢኖር እንዳትሰሙት። ሲመሽ ጅብ አለ።

ባለ ላዳ
ስለተሰረዙት መኪኖችም ልበል። አደባባይ ላይ ቆማችሁ ስትጠሩ ሹፌሩ የሚታየው ቅጣት ነው፣ እዚያ መቆም አይችልም። ወደ ቤተ መንግሥቱ አጥር ከተጠጋችሁ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። ከአደባባዩ ወጣ በሉ፣ መኪና የሚቆምበት ቦታ ፈልጉና ከዚያ ጥሩ። ሁለተኛ፣ ከእንጦጦ ባዶ መውረድ ያከስራል። ደውለህ «ጠብቀን፣ መልሰህም አውርደን» በለው። ደርሶ መልስ ከተስማማችሁ የሚመጣ አይጠፋም። ዋጋውን ከመነሳታችሁ በፊት ጨርሱ። ለጉልበታቸው ከሁለት ታክሲ ይህ ይሻላል ባይ ነኝ።

ሳሪስ
ሽሮ ሜዳ ታክሲ ያዙ፣ ከዚያ ወደ ላይ።

ጠያቂ (4፡35)
ሽሮ ሜዳ ደርሰናል! ወንድሜ ከመኪናው ጋር ቀረ፣ እህቴ ከስድስት ኪሎ መጥታ ተቀላቀለችን። ደርሶ መልስ የሚሆን አላገኘሁም። ረዳቱ ግን ሳልለምነው «ማዘር ጋቢና» ብሎ በሩን ከፈተላት። አሁን ጥለት እያገላበጠች ነው፣ ሁለተኛውን ታክሲ ልታስመልጠን ነው። ባትሪዬ ሊያልቅ ነው። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጣችሁ።

ነርሷ
ተመስገን። ላይ ስትደርሱ ወዲያው ዳገት አታስወጧቸው፣ ትንሽ ይቀመጡ።

የሽሮ ሜዳ ልጅ (10፡50)
ወረዳችሁ? ታክሲው ላይ ሰልፍ አለ፣ አሁን በበራችን አለፍኩ።

ባለ ላዳ
መኪናዋስ? ውሃ የምታፈስ ከሆነ ቱቦዎቹን አሳዩ።