ሳሪ ለሠርግና ለዲዋሊ ብቻ? ተከራከሩበት

አወያይ፦ ውጭ ተወልደው ያደጉ የሕንድ ልጆች ሳሪና ሳልዋር ካሚዝ (ረጅም ቀሚስ ከሱሪ ጋር) የሚያወጡት ለሠርግና እንደ ዲዋሊ፣ የብርሃን በዓላቸው፣ ላለ በዓል ብቻ ነው። ሰኞ ጠዋት ጂንስ ነው። ይሄ ባህልን መጠበቅ ነው ወይስ ለፎቶ መልበስ? ከእነሱ ጋር የምትኖሩ፣ የምትሠሩ ሐሳባችሁን አምጡ። ስድብ ክልክል ነው።

የሌስተሯ፦ እኔ ለፎቶ ነው ባይ ነኝ። የጎረቤቴን ልጅ ለዘመድ ሠርግ ስትለብስ አየኋት። ሳሪው እጥፉ ተሰፍቶ ያለቀ፣ ወገቡ ላይ ዚፕ የተገጠመለት ነው። ሽው ብላ ገባችበት። እናቷ ደግሞ እዚያው አጠገቧ አምስት ሜትር ተኩል ጨርቅ ይዛ ቆማለች። አንዴ ዞረችበት፣ በጣቶቿ እጥፍ እጥፍ አደረገችው፣ እምብርቷ ሥር ወተፈችው፣ ትከሻዋ ላይ በመርፌ ቁልፍ ያዘችው። መስታወት እንኳ አላየችም። ያን እጅ ያልወረሰች ልጅ ምኑን ወረሰች?

የቶሮንቶው፦ ዚፑ ምን አጠፋ? ሳሪ ራሱ መቼ ባለበት ቆሞ ያውቃል? ዛሬ «ጥንታዊ» የምንለው፣ ከሥሩ ጉርድ፣ ከላይ ሸሚዝ ያለው አለባበስ የተስፋፋው በ19ኛው መቶ ዘመን፣ በእንግሊዞች ጊዜ ነው። ከባለቅኔው ታጎር ቤተሰብ ያገቡት ጅናናዳናንዲኒ ዴቪ ናቸው በከፍተኛው መደብ ሴቶች ዘንድ ያስለመዱት ይባላል። ደግሞ የማን ልብስ ነው «የሕንድ ልብስ»? የማሃራሽትራ ሴቶች ዘጠኝ ያርዱን በእግራቸው መሃል አሳልፈው ነው የሚታጠቁት። የፑንጃቧ ሴት የዘወትር ልብሷ ሳልዋር ካሚዝ ነው።

የሳውዝሆሉ፦ ወንዶቹን ረሳችኋቸው እኮ። እንግሊዝ አገር፣ ዎልቨርሃምፕተን ውስጥ በ1967 (ዓመቱን በፈረንጆቹ ቁጠሩት) አንድ የሲክ ሃይማኖት ተከታይ የአውቶቡስ ሹፌር እምነቱ እንደሚያዘው ጥምጥም አድርጎ፣ ፂሙን አሳድጎ ሥራ ቢገባ ወደ ቤትህ ተባለ። ክልከላው እስኪነሳ ሁለት ዓመት ፈጀ። በ1976 ሞተር ሳይክል ላይ ከሄልሜት ይልቅ ጥምጥም እንዲፈቀድ ሕግ ወጣ። በ1983 ደግሞ ጥምጥም ያደረገ ልጅ አንቀበልም ያለ ትምህርት ቤት ያኔ የመጨረሻው ፍርድ ሰጪ እስከነበረው የጌቶች ምክር ቤት ድረስ ሄዶ ተረታ። እነዚህ ሰዎች ሰኞም ማክሰኞም ለብሰዋል፤ ዋጋውንም ከፍለዋል።

የኒው ጀርሲዋ፦ ዋጋ ካልክ የእኛን ሰፈር ልንገርህ። በ1987 ጀርሲ ሲቲ ውስጥ የወሮበላ ቡድን ተነሳ። ስሙን ያወጣው ሴቶቹ ግንባራቸው ላይ ከሚያደርጉት ነጥብ ነው። ሕንዶችን ከከተማው እናስወጣለን ብሎ የዛተበት ደብዳቤ ጋዜጣ ላይ ወጣ። የተደበደበ አለ፤ የሞተም አለ። ታዲያ እናት ልጇን «ነጥቡን አጥፊና ውጪ» ብትል ይፈረድባታል? የሚያበግነኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በዘጠናዎቹ ዘፋኟ ግዌን ስቴፋኒ ያንኑ ነጥብ፣ ቢንዲውን፣ ለጥፋ መድረክ ላይ ስትወጣ ፋሽን ተባለ! በ2001 ደግሞ፣ መስከረም አሥራ አንድ በተባለው ጥቃት በአራተኛው ቀን፣ አሪዞና ውስጥ አንድ ሲክ በጥምጥሙ ምክንያት አረብ ነው ተብሎ በራሱ ነዳጅ ማደያ ደጃፍ ተገደለ። ለሠርግ ብቻ ያስባለው ፍርሃት ነው።

ጋሼ ከደሴ፦ ልጆች፣ እኔ በጃንሆይ ጊዜ ያስተማሩኝ የሒሳብ መምህርት ከሕንድ፣ ከኬረላ የመጡ ነበሩ። ክረምት ከበጋ ሳሪ ነው። ሲበርድ ከላይ ሹራብ ይደርባሉ። ጠመኔ ሲያነሱ ጫፉን ወገባቸው ላይ ሸጎጥ ያደርጉታል። መጀመሪያ ሰሞን ሳቅንባቸው፤ ፈተና ሲመጣ ሳቁ ቀረ። ለሳቸው ባህል ማሳየት አልነበረም፤ የሥራ ልብሳቸው ነው።

የሌስተሯ፦ ጋሼ አፌን አዘጉኝ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን እንዲያውም ለኔ ነው የመሰከሩልኝ። የኒው ጀርሲዋ፣ ፍርሃቱን እቀበላለሁ፤ ሁሉን ግን አይፈታልሽም። በ1972 ኢዲ አሚን ኡጋንዳ የሚኖሩትን ሕንዶች ሲያባርር የሌስተር ከተማ ምክር ቤት «ወደዚህ አትምጡ» ብሎ ኡጋንዳ ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አስነግሯል። መጡ። ሳሪያቸውንም አላወለቁም። ከ1976 እስከ 78 ለንደን ውስጥ ግረንዊክ በሚባል የፎቶ ማጠቢያ ፋብሪካ በር ላይ የሥራ ማቆም አድማ የመራችው ጃያቤን ደሳይ ሳሪ ለብሳ ነው ከፖሊስ ጋር የተፋጠጠችው። ዛሬ እዚሁ ሌስተር፣ ቤልግሬቭ ሮድ ላይ የሳሪ ሱቅ ከሱቅ አጠገብ ነው፤ የሚከለክል የለም። ያኔ እየተገፉ የለበሱትን አሁን በነፃነት ለምን ተዉት?

የኒው ጀርሲዋ፦ ስላልፈለጉ! አያቷ ሳሪ ስለለበሰች የልጅ ልጇ ዕዳ አለባት እንዴ? አብራኝ የምትሠራው ነርስ በዲዋሊ ስትለብስ ሳምንት ሙሉ ነው የምታወራው። ሥራ ላይ ግን በሽተኛ ስታነሳ ይጠላለፍባታል። አለቀ።

የቶሮንቶው፦ እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። የሲኮቹን ጥምጥም ተዉትና፣ ሌላው ሕንዳዊ ወንድ ወገቡ ላይ የሚታጠቀውን ዶቲ ጥሎ ሱፍ ከለበሰ ስንት ዘመኑ ነው? ባህል ጠፋ ብሎ ክርክር የከፈተበት ሰው አይቼ አላውቅም። ሁሌ የሚለካው የሴቶቹ ቀሚስ ነው። እኛም ጋ ያው ነው፤ ቅዳሜ ሠርግ ላይ «ሀበሻ ቀሚስሽስ?» የምትባለው እህቴ ናት። እኔ በቲሸርት ገብቼ ክትፎዬን እበላለሁ፤ ማንም አይጠይቀኝም። አወያይ፣ ጥያቄውን ስታወጣ ወንዶቹን ለምን ተውካቸው?