ዜማ በቁርጥ ይሸጥ ወይስ መብቱ ተይዞ በውል ይሰጥ?

ቦርከና፦ ደሴና ኮምቦልቻ ተቀምጦ በግሉ የሚሠራ ዜማ ደራሲ ዜማውን በቁርጥ ዋጋ ሸጦ ይገላገል ወይስ ባለቤትነቱን ይዞ የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ይስጥ? የእኔ አቋም ሁለተኛው ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ማባዛትን፣ ማሰራጨትን፣ በመድረክ ማቅረብን፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን መልቀቅን፣ መልሶ ማቀናበርን ሁሉ የደራሲው መብት አድርጎታል። ጥበቃው ደራሲው ካለፈም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ይህን ሁሉ «ሸጫለሁ» በሚል አንድ መስመር ማስረከብ የልጆችንም ድርሻ አሳልፎ መስጠት ነው።

ሸዋ በር፦ ወንድሜ ቦርከና፣ ሕጉስ ልክ ነው፤ ገንዘቡ ግን በሕጉ ልክ አይመጣም። እዚህ ዜማ የሚገዛው አብዛኛው ድምፃዊ በሰርግና በሆቴል መድረክ የሚተዳደር፣ ነጠላ ዜማውን ከኪሱ አውጥቶ የሚያስቀርጽ ነው። ለግጥሙ፣ ለቅንብሩ፣ ለሚክሲንጉ፣ ለክሊፑ በየተራ ይከፍላል። የዩቲዩብ ገቢ ደግሞ ለቻናሉ ባለቤት ነው የሚገባው፤ ሂሳቡ 100 ዶላር ሳይሞላ ክፍያ አይላክም። ደራሲው ከዚህ ገቢ «ሃያ በመቶ ድርሻ ይሰጠኝ» ቢልም ከምንም ላይ ሃያ በመቶ ምንም ነው። ዋጋውን ከፍ አድርጎ በአንድ እጅ መቀበል ይሻላል።

አዝዋ ገደል፦ ጋሼ ሸዋ በር፣ የኪሱ ነገር እውነት ነው፤ ግን የድካም ዋጋና መብት ለየብቻ ይጻፉ። የድካሙ ዋጋ በቁርጥ ይከፈል፦ ግማሹ ሥራው ሲጀመር ቀብድ፣ ግማሹ ድምፃዊው ስቱዲዮ ሳይገባ። ከቀረጻ በኋላ የሚባል ቀሪ ሂሳብ አይኑር፤ ድምፃዊው ዜማውን አንዴ ካጠናው ደራሲው እጅ ላይ መያዣ የለም። ማሻሻያም ሁለት ጊዜ ድረስ በዋጋው ውስጥ፣ ሦስተኛው በተጨማሪ ክፍያ ተብሎ ይገደብ።

መብቱ ደግሞ እንዲህ ይጻፍ፦ ይህ ድምፃዊ፣ ይህን ዜማ፣ በዚህ ግጥም አንድ ጊዜ ቀርጾ፣ ለዚህን ያህል ዓመት፣ በዩቲዩብና በመድረክ ይጠቀም። ማስታወቂያ፣ ፊልም፣ የጥሪ ማሳመሪያ፣ የሌላ ድምፃዊ ቀረጻ ሲመጣ አዲስ ውል። ዘፈኑ ከታወቀ በኋላ ጠብ የሚነሳው በእነዚህ በአራቱ ነው።

በመቶኛ የሚስማማ ሰው «ከተጣራ ገቢ» የሚለውን ቃል አይፈርም። የክሊፕ፣ የልብስ፣ የትራንስፖርት ወጪ ሲቀነስ የሚተርፍ አይኖርም። «ከጠቅላላ ገቢ» ይባል፤ የቻናሉ የገቢ ገጽ በየሦስት ወሩ ይታያል የሚል መስመርም ይግባበት። ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1727 በጽሑፍ መሆን ያለበት ውል ያለ ሁለት ምስክር አይጸናም ይላል። «ወንድማማች ነን፣ ምን ያፈራርመናል» የተባለበት ዜማ ነው ኋላ የሚያቀያይመው።

ባቲ መንገድ፦ ለእኛ አገር ዋናው ነገር ገና አልተነሳም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ የተባሉት ቅኝቶች የማንም የግል ንብረት አይደሉም። አምባሰል ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ ቤሞል (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል ነው፤ በቃ። በአምስት ድምፅ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ተመሳሳይ ሐረግ ሊያወጡ ይችላሉ። «ዜማዬን ወሰድክ» ሲባል መታየት ያለበት ቅኝቱ ሳይሆን የሐረጉ አካሄድ፣ ምቱና ማረፊያው ነው።

የባሰው ስህተት ደግሞ በሰርግ ጨዋታ የሚታወቅ የወል ዜማ ላይ አዝማች ጨምሮ «ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው» ብሎ መፈረም ነው። ነገ ሌላ ድምፃዊ ያንኑ የወል ዜማ ሲቀርጽ ገዢው «ለብቻዬ አልሸጥክልኝም ወይ?» ብሎ ገንዘቡን ይጠይቃል። የዩቲዩብ ኮንቴንት አይዲም (ሥራህ በሌላ ሰው ቪዲዮ ሲገኝ የሚለየው ሥርዓት) ብቸኛ መብት የሌለበትን ሥራ አይቀበልም፤ ማንም የሚያወርደው የከበሮ ሉፕ (እየተደጋገመ የሚመታ ዝግጁ ቅንጣቢ) ያለበት ቅንብርም እንደዚያው። ውሉ ላይ «መነሻው የወሎ የወል ዜማ ነው፤ አዲሱ አዝማቹና መግቢያው ነው» ይባል። ይህ ዋጋ አይቀንስም፤ ደራሲውንም ከክስ ያድነዋል።

ሸዋ በር፦ «የተጣራ» የሚለውን ነገር ተቀብያለሁ፤ ትክክል ናችሁ። ዜማው ቀድሞ የማን እንደነበረ ግን በምን ይረጋገጣል?

ቦርከና፦ ጋሼ፣ ጥበቃው ምዝገባን አይጠብቅም፤ የአእምሯዊ ንብረት ምዝገባ ግን ለማስረጃ ይረዳል። ከዚያ በፊት ዜማውን በስልክ በጉሮሮ መቅዳት፣ ግጥሙን ከነቀኑ መጻፍ፣ ሁለቱንም ለራስ በኢሜይል መላክ ነው። ለድምፃዊው የሚላከው ናሙና በየመሐሉ የደራሲው ስም የሚጠራበት ኤምፒ3 ይሁን፤ ስም የማይጠራበት፣ ሙሉ ጥራት ያለው ንጹሑ ዌቭ ፋይል ከሙሉ ክፍያ በኋላ ይላካል። ደግሞ አይ ኤስ አር ሲ የተባለው ቁጥር የቀረጻው መለያ እንጂ የዜማው አይደለም። አንድ ዜማ በሦስት ድምፃዊ ከተቀረጸ ሦስት ቁጥር ይኖረዋል። ድምፃዊው ያን ቁጥር ስላወጣ ብቻ የዜማው ባለቤት አይሆንም።

ሸዋ በር፦ እንግዲያስ ለተቀረጸ ሥራ በውል ይሁን፤ እስማማለሁ። የመድረኩ ግን አሁንም ከቁርጡ ዋጋ ውስጥ ይታሰብ እላለሁ። ከደሴ ፒያሳ እስከ ኮምቦልቻ በየሰርጉ ማን ምን እንደዘፈነ ዞሮ የሚመዘግብ ሰው እስኪኖር፣ ከአንድ ምሽት ድርሻ መጠየቅ ደራሲውንም ድምፃዊውንም ያጣላል።

አዝዋ ገደል፦ ለሰርጉ እሺ። ሆቴል ውስጥ በወር ደመወዝ ለሚዘፍነው ግን አይሆንም፤ እዚያ የዘፈኑ ዝርዝር የታወቀ ነው፣ የሚከፍለውም ሆቴሉ መሆን አለበት።